ከጆንያ የሰፋነው ሌሊት

እኔ አስተማሪ የሆንኩት የልጅ ፍቅር አስገድዶኝ አይደለም። ትዕግሥት የለኝም፤ ጩኸት ያናድደኛል፤ የተዝረበረበ ንፍጥ ካየሁ ቁርሴ ይመለሳል። ገዳሪፍ ከተማ ዳር፣ በተከራየነው ግቢ ውስጥ፣ ከእንጨትና ከሣር በተሠራች ዳስ ሥር ሃያ ሦስት ሕፃናት ሰብስቤ የተገኘሁት የሰፈሩ እናቶች ጠዋት ጠዋት ሰሊጥ ለማበጠር መጋዘን ሲወርዱ ልጅ የሚይዝላቸው ስላጡ ነው። ከሰፈሩ ሴቶች ቤት የምውለው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥረኛ ክፍል መጨረሴን ከየት እንደሰሙ እንጃ። «አንቺማ የተማርሽ ነሽ እታለም፤ ፊደል ብታስቆጥሪልን ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ። ምን እንደሚጎድልብኝ ለማሰብ ጊዜ ሳይሰጡኝ በማግሥቱ ልጆቻቸውን ጥለውብኝ ሄዱ።

ዳሷን በአገሩ አጠራር ራኩባ እንላታለን። ሦስት የተቀደዱ ምንጣፎች፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ የውሃ ጋንና አንድ የጋራ ጣሳ ነበራት። ልጆቹ ግን ከብዙ አገር ናቸው። ግማሾቹ እንደኔው ከመተማና ከጎንደር ቆላ ለሰሊጥ ሥራ የተሻገሩ ሰዎች ልጆች ነበሩ። ከኡም ራኩባ መጠለያ ወጥተው ከተማ የገቡ የትግራይ ልጆች አሉ። የሐውሳ ልጆች አሉ፤ የአያቶቻቸው አያቶች ከምዕራብ ተነሥተው ወደ መካ ሲሄዱ እዚሁ መንገድ ላይ የቀሩ ናቸው። የካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ከዚያ የሸሹ ሱዳናውያን ተጨመሩ። ሁሉም በተሰባበረ ዓረብኛና በተሰባበረ አማርኛ ይግባባሉ፤ ሲጣሉ ግን ሁለቱም ቋንቋ ተቀላጥፎ ይመጣላቸዋል።

መጣላት ደግሞ ሥራቸው ነበር። ምንጣፉን ተካፍለውት አንዱ በአንዱ ላይ እግሩን አያሳልፍም። ሁለቱ አገሮች የሚጣሉበት የፋሽጋ መሬት እንኳ እንዲያ አልተሸነሸነም። አንዷ የኛ ልጅ ጣሳውን የሐውሳ ልጅ ጠጥታበታለች ብላ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ዋለች። አምስት ዓመቷ ነው! ይኼንን ከሆዷ አላወጣችው፤ ከቤቷ ነው ያመጣችው። ተናደድኩ። ፊደሉ ይቆይ፣ መጀመሪያ እነዚህ ልጆች ዓለም ከእናታቸው ጓዳ እንደሚሰፋ ይወቁ ብዬ ተነሣሁ።

አጀማመሬ አያምርም። አንዲት የእርዳታ ሠራተኛ የዓለም ሕዝቦችን አኗኗር የሚያሳይ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ሰጥታኝ ነበር። ከፈትኩና በበረዶ ቤት የሚኖሩትን ሰዎች አሳየኋቸው።

«ኡስታዛ፣ ሰውየው ተልጅ ሻጭ ነው?» አለኝ አንዱ። ኡስታዛ እኔ አስተማሪዋ ነኝ፤ ተልጅ ደግሞ በረዶ ነው፤ ገዳሪፍ ውስጥ በአህያ ጋሪ እየዞረ የሚሸጥ።

«ሻጭ አይደለም፤ ቤቱ ነው።»

«ቤቱን ለምን አይሸጠውም?»

ካላዩት አይገባቸውም ብዬ ለባለቤቴ ነገርኩት። በማግሥቱ ባለቤቴ ግማሽ ብሎክ በረዶ በጆንያ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ሰብረን ሰብረን ትንሽ ክብ ቤት መሥራት ጀመርን፣ እኔም እየሠራሁ ስለዚያ አገር ሰው አንድ ተረት ፈጥሬ ቀጠልኩ። የተረቱ ሰውዬ ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ግድግዳው ውሃ ሆነ፤ የቀረውን ልጆቹ ላሱት። ከራስ እስከ እግር ረጥበው፣ ከንፈራቸው ቀልቶ፣ በሳቅ ሲንከባለሉ አየኋቸው። ምንጣፉ ላይ ድንበር የሚባል ነገር አልነበረም። ከወራት በኋላ ከመጽሐፉ ምንም አላስታወሱም፤ «ቤታቸውን የበላንባቸውን ሰዎች» ግን አንዳቸውም አልረሱ።

የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? መጽሐፉን ዘጋሁትና ተረቱን ከየቤታቸው ለመልቀም ወሰንኩ። ደንባችን እንዲህ ነበር። በየሳምንቱ አንድ ልጅ ባለተረት ይሆናል። እኔ ማታ ወደ እናቱ ወይ ወደ አያቱ ሄጄ ተረቱን እሰማና ሰኞ እነግራቸዋለሁ፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ተረቱ ውስጥ ያለውን በእጃችን እንሠራለን። አለቃው ባለተረቱ ነው። የጦጣዋ ጆሮ ይህን ያህል፣ የጅቡ አፍ ያን ያህል ብሎ የሚያዘው እሱ ነው። የሐውሳዋ ልጅ ሳምንት ሲደርስ ተንኮለኛ ሸረሪት የሚኖርበት ተረት አመጣን፤ ከሰሊጥ አገዳና ከጆንያ ክር ሃያ ሦስት ሸረሪት ሠራን። ያቺ በጣሳው አልጠጣም ያለችው ልጅ የሸረሪቷ እግር አልጣበቅ ብሏት «አሳይኝ እስቲ» ብላ የሐውሳዋ ጭን ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ስትጨርስ ሸረሪቷን አንገቷ ላይ አሠረቻት፤ አውልቂ ብትባል ታለቅሳለች። እኔም ዞር ብዬ አለቀስኩ፤ ትዕግሥት የለኝም እንጂ እንባስ ሞልቶኛል።

አንድ ልማድ ደግሞ ሳናስበው ገባ። የመጀመሪያውን ተረት እንደ አገራችን ወግ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብዬ ዘጋሁት። በማግሥቱ አንዷ ከቤቷ ቁራሽ ዳቦ ይዛ መጣችና ሳትናገር አፌን እንደ መስኮት ወለወለችልኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ዳቦ ተረት አላለቀም። በየተራ ዳቦ ያዥ አለ፤ ተረት ነጋሪውን አፉን ይጠርግና ቁራሹን ያጎርሰዋል። የአፍ መጥረጊያው ጎን ማን እንደነካው አትጠይቁኝ።

ከካርቱም ከመጡት መካከል አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ጆሮዋ ትልልቅ፣ ነገር የምትጠይቅ። እናቷ ሰሊጥ ማበጠር ስለምትውል የምታመጣት አያቷ ነበሩ። ረጅም ሴት ናቸው፤ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ነጭ ቶባቸውን ተከናንበው፣ ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ እስክንጨርስ ይጠብቋታል። ልጆቹ ሁሉ ሐቦባ ይሏቸዋል፤ በሱዳን ዓረብኛ አያት ማለት ነው። የልጅቷ አባት፣ የእሳቸው አንድ ልጅ፣ ቤቱን እጠብቃለሁ ብሎ ካርቱም ቀርቶ ነበር። በኋላ «ተነሥቻለሁ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ደወለ። ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ሳምንት ሆነ፣ ሦስት ሳምንት ሆነ። ልጅቷ ከማሽላ አገዳ ግመል ሠርታ የራኩባው ቋሚ ላይ ሰቀለች። «አባቴ በዚች ነው የሚመጣው» ትላለች። ሐቦባ ምንም አይሉም፤ የበሩን መንገድ ያያሉ።

ባለተረትነቱ ለዚች ልጅ በደረሰ ሰኞ፣ ክብሯ ነው ብዬ ተረቱን በዓረብኛ ለመንገር ተነሣሁ። እናቷ ነግራኝ ነበር፤ የጠፋች ግመል ፍለጋ ስለሄደች ልጅ ነው። እስከዚያ ቀን አብዛኛውን የምናገረው በአማርኛ ስለነበረ፣ ሐቦባ ከኒሙ ሥር ሆነው የሚሰሙት ትምህርት ይመስላቸው ነበር። ገና ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልል መቁጠሪያው ቆመ። ተነሥተው መጡ።

«ያ ቢቲ፣ በጠራራ ፀሐይ ተረት ታወሪያለሽ?» አሉኝ። ያ ቢቲ «ልጄ» ማለት ነው፤ ያን ቀን ግን ልጅነቴ አልተሰማኝም።

ነገሩ ገባኝ። መተማ ሳለሁ እናቴም ቀን ተረት አታወራም ነበር። ቀን ተረት የሚያወራ ጭራ ያበቅላል ትለን ነበርና እኔና ወንድሜ ደጋግመን ወደ ኋላችን እናይ ነበር። ረስቼው ነው ብል ውሸት ነው። አስተማሪ ስሆን የማይመለከተኝ መስሎኝ ነው።

እዚህ ላይ ምላሴን መቁረጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ዐዋቂ ሆንኩ። «ሐቦባ፣ ይኼ እኮ ድሮ ልጅ ሥራ እንዳይፈታ ትልልቆቹ የፈጠሩት ነው፤ ምንም የለበትም» አልኩ።

ረጋ ብለው አዩኝ። «እኛ ዘንድ ቀን ተረት ከተወራ መንገደኛ መንገዱ ይጠፋዋል። የኔ ልጅ መንገድ ላይ ነው። አንቺ መንገድ ላይ ማን አለሽ?»

ማንም አልነበረኝም። ባለቤቴ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል። ሐቦባ የልጅቷን እጅ ይዘው ወጡ፤ ግመሏ ቋሚው ላይ ቀረች። አፈርኩ፣ እንዲህ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም።

ወሬው ከኔ ቀድሞ መጋዘን ደረሰ። በማግሥቱ ጠዋት እናቶቹ መጡ። የጎንደሯ «ውይ አንቺ! ተረቱን ስትጠይቂኝ ለራስሽ መስሎኝ ነበር፤ ልጄን ባለ ጭራ ልታደርጊው ነው?» አለችኝ። የትግራይዋ እናት፣ ቀን ተረት ሲወራ ከብት ይጠፋል ስትባል እንዳደገች ነገረችኝ። «ከብት አላችሁ እንዴ?» ብላት «ሊኖረን ይችላላ!» አለች። የሐውሳዋ ደግሞ ቀን ተረት የሰማ ልጅ ቁመቱ እዚያው ይቀራል አለች። ቆሜ ሳየው ገረመኝ። እነዚህ ሴቶች በባቄላ አበሳሰል እንኳ ተስማምተው አያውቁም። የዓለምን ሕዝብ ልዩነት ላስተምር ብዬ ሦስት ወር ስለፋ፣ ሁሉንም አንድ የሚያደርገውን ነገር እኔው ጥሼው ተገኘሁ። በዚያ ሳምንት ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ ብቻ መጡ።

ሐቦባ ቤት ሄድኩ። በደንብ ተቀበሉኝ፤ ውሃ ሰጡኝ፣ ሻይ በናና አፈሉልኝ፣ ስለ ባለቤቴ ጤና ጠየቁኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። «ይቅርታ ተደርጎልሻል» አሉ። «ልጅቷስ?» አልኩ። «ልጄ እስኪገባ አትመጣም» አሉ። ልጅቷ ከበሩ ጀርባ ሆና በትልልቅ ጆሮዎቿ ትሰማለች። ማታ እንንገራቸው እንዳልል፣ በዚያ የጦርነት ወቅት መሸት ሲል ልጅ ይዞ ከቤት መውጣት የሚታሰብ አልነበረም። ሻዬን ጠጥቼ ተመለስኩ።

ለቀሩት ዘጠኝ ልጆች እውነቱን ነገርኳቸው። ተረት የሌሊት ነው፣ እኛ ያለን ቀን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ተረት የለም አልኳቸው። የሐውሳዋ ልጅ ሸረሪቷን እያፍተለተለች አሰበች አሰበችና «ኡስታዛ፣ እና ሌሊት እንሥራ» አለች።

«ሌሊት ይሠራል እንዴ?»

«በረዶ ሠርተን የለ? ባልሽ ደግሞ ጆንያ ሰፊ ነው።»

እውነቷን ነው፤ ባለቤቴ ከሰሊጥ መጋዘን ጆንያ ይሰፋል። ማታ ነገርኩት፤ ቁጥብ ሰው ነው። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ የተጣሉ አሮጌ ጆንያዎች ተሸክሞ መጣ። «ሌሊት ስንት ክንድ ይሆናል?» አለኝ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

የሠራነውን ሥራ ሳስታውስ እስካሁን ደስ ይለኛል። ጆንያዎቹን ተርትረን ዘረጋናቸው። ትልቁን የጆንያ መርፌ ሦስት ሦስት ልጅ ሆነው ይስቡታል፤ አንዱ ይወጋል፣ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ «ሳብ!» ይላል። መሳብ ያለበት ሲሳሳት የሚወድቁት ሦስቱም ናቸው። ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ከባዱን ስፌት ሊያግዝ ቁጭ ቢል ልጆቹ ክሩ ላልቷል ብለው አስፈቱት። ሃያ ዓመት ጆንያ የሰፋ ሰው ነው፤ ፈታና ደገመው። ማጥቆሪያ ሲያስፈልገን እያንዳንዱ ልጅ ከእናቱ ድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቆ እንዲያመጣ አዘዝኩ። የጎንደር ወጥ፣ የትግራይ ገንፎ፣ የሐውሳ ሩዝ የተቀቀለበት ጥላሸት ከልብስ ማጠቢያ ሰማያዊ ቀለም ጋር በአንድ ባልዲ ተበጠበጠ። ጨርቁን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸውም ተቀባቡ። ወደየቤታቸው የገቡት ልጆች የማን እንደሆኑ ለመለየት እናቶቹ አገላብጠው ማየት ነበረባቸው።

እናቶቹም በዚህ ተያዙ። ልጇን ያስቀረችው ሁሉ «ምንድን ነው የምትሠሩት?» እያለች ለወሬ ትመጣለች፤ ልጇ እግሯ ሥር ሾልኮ ባልዲው ውስጥ ይገባል። የሚቀጥለው ሳምንት ሲያልቅ ሃያ ሁለት ልጆች ሆነው ነበር።

ቀጥሎ ኮከብ መጣ። «የኛ ሰዎች ሰማይ ላይ ምን ያያሉ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ኑ ብዬ ላክኋቸው። ጥቅጥቅ ብሎ ሰማዩን ለሁለት የሚከፍለውን ነጭ መንገድ ሁሉም ያውቁታል፤ ግን አንዱ ጭድ የተሸከመ አህያ ያፈሰሰው ነው አለ፣ ሌላው የላም ወተት ነው አለ፣ የሐውሳዋ ልጅ ደግሞ የአያቶቿ አያቶች ወደ መካ የሄዱበት አቧራ እንደሆነ ነገረችን። በጥያቄው ተጣሉ፤ ይኼኛው ጠብ ግን ደስ አለኝ። በመጨረሻ በሦስቱም ተስማሙ። በግራር እሾህ ጨርቁን እየበሱ ጭዱንም፣ ወተቱንም፣ አቧራውንም በአንድ መንገድ ላይ አፈሰሱት። አንድ ጥግ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ሳይበሳ ቀረ። «ይኼ የማን ነው?» ብል ቋሚው ላይ የተሰቀለችውን ግመል አሳዩኝ።

እንደገና ሐቦባ ዘንድ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ዐዋቂ አልሆንኩም። «ሐቦባ፣ ሌሊት ሰፍተናል። ሌሊት መሆኑን ግን እኛ አናውቅም። ይምጡና ይፍረዱልን፤ ሌሊት አይደለም ካሉ ለሰሊጥ መያዣ እንመልሰዋለን።»

ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። በልጅቷ እጅ ተመርተው መጡ።

ሌሊታችን ራኩባው ሥር ተወጥሮ፣ ከሥር በድንጋይ ተይዞ ቆሟል። ሐቦባ ቶባቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ ብለው ገቡ። ሃያ ሁለት ልጅ ውጭ ተደርድሮ ትንፋሹን ያዘ። ቆዩ። ከውስጥ ድምፃቸው መጣ። «እጄን እያየሁት ነው። ይኼ ገና መግሪብ ነው።» መግሪብ የማምሻ ሶላት ነው፤ ፀሐይ ገብታ ብርሃኑ ሳይጠፋ የሚሰገደው።

ልጆቹ አልተከፉም፤ የቀረን ትንሽ ነው ማለት ነው ብለው በደስታ ጮኹ። ሁለት ቀን ሙሉ ሁለተኛ ጨርቅ ሰፍተን አጥቁረን ደረብን፤ ኮከቦቹን በዚያው ላይ አሳልፈን በሳን። ልጅቷም የቀረላትን ቦታ አገኘች። ሌሎቹ በእሾህ ጫፍ ሲበሱ እሷ ጣቷን እስኪያሳልፍ ከፈተችው። «ሩቅ ላለ ሰው እንዲታይ ነው» አለች። ማንም ትልቅ ነው አላላትም።

ሐቦባ ለሁለተኛ ጊዜ ገቡ። ከበፊቱ አስበልጠው ቆዩ።

«ዒሻ ገብቷል» አሉ። የሌሊቱ ሶላት ነው። «ልጆቹን አስገቢያቸው።»

ተረቱን የነገሩት እሳቸው ናቸው። እኔ መግቢያው ላይ ተቀምጬ ብርሃን እንዳይገባ ጨርቁን መያዝ ሆነ ሥራዬ፤ ሃያ ሦስት ልጅ ተጠጋግቶ ሲተነፍስ በጨርቁ በኩል ይሞቀኛል። በዝግታ በዓረብኛ ይነግራሉ፣ ዓረብኛ ላልሰመረላቸው ጎን ያለው ልጅ ይመልስላቸዋል። ግመሏ የጠፋችባት ልጅ ጅብ ታልፋለች፣ የእሾህ አጥር ታልፋለች፣ ትልቅ ወንዝ በቅል ላይ ሆና ትሻገራለች፣ ከዚያ ግመሏን ታገኛለች። መሀል ላይ አንዱ ሽንቴ መጣ አለ። ሐቦባ አይሆንም አሉ። «ተረት ተጀምሮ አይቆረጥም፤ መንገደኛውን ውሃ መሀል ጥሎ መሄድ ነው።» ልጁ ጭኑን ጨምቆ ወንዙን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሊት የሚገባ ሁሉ ቀድሞ ይሸናል።

በዚያ ሳምንት የሠራነው ቅል ነበር። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ቅል፣ ዙሪያውን በሰሊጥ አገዳ ቅርፊትና በጆንያ ክር የተጠለፈ። ወንዙ ላይ ሲደረስ ሁሉም ቅሉን መሬት ላይ እየገፋ ይሻገራል። ልጆቹ ይኼንን ተረት ወደዱት፤ ሌላ ተረት መጥቶም ዘወር ብለው «የወንዙን!» ይላሉ። ሐቦባ ደጋግመው ነገሯቸው። የአማርኛውን መዝጊያ እንኳ ተማሩ። «አፌን በዳቦ አብሱ» ሲሉ ዐይናቸውን ጨፍነው አገጫቸውን ያነሣሉ። የልጃቸው ስልክ ግን እንደጠፋ ነበር። ሲነግሩ ድምፃቸው ደስ ይላል፤ ሲወጡ ያቺን ትልቅ ኮከብ ቀና ብለው ያያሉ።

ሰሊጡ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ ብርዱ ጠዋት ጠዋት መሰማት በጀመረበት በአንዱ ቀን፣ እንደ ልማዴ መግቢያው ላይ ተቀምጫለሁ። ውስጥ የተረቷ ልጅ ጅቡን አልፋ የእሾህ አጥሩ ላይ ደርሳለች። የግቢው በር ተንቀሳቀሰ። ሰው ገባ፤ ፀጉሩ፣ ሽፋሽፍቱ፣ ጫማው አንድ ዓይነት አቧራ ነው፤ ፌስታል ይዟል። ጆሮዎቹን ሳይ ማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

«ሰላም ዓለይኩም» አለ ቀስ ብሎ።

ውስጥ የሐቦባ ድምፅ ተቋረጠ። አሁን ጨርቁን ገልጠው ይወጣሉ ብዬ እጄን አነሣሁ።

አልወጡም። ሐቦባ ተረቱን ቀጠሉ። ግን ምን ዓይነት መቀጠል! ያ ዝግታቸው ጠፋ፤ እየሮጡ፣ «አጥሩን አለፈችው፣ ወዲያ ሄደች፣ ግመሏን አገኘቻት፣ ይዛት ወደ ቤቷ...»

«ወንዙስ?» አለ አንዱ ልጅ።

«ሐቦባ፣ ወንዙን ዘለሉት!»

«ቅላችንስ?» ሁሉም ጮኹ። «ሳትሻገር እንዴት አገኘቻት?»

ሰውየው አየኝ፣ እኔም አየሁት። እናቱን ያውቃቸዋል። ፌስታሉን መሬት አስቀምጦ፣ ከጨርቁ አጠገብ፣ ጉልበቱን አቅፎ ቁጭ አለ።

ውስጥ ሐቦባ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ፤ ትንፋሹ መሀል ላይ ሳቅ ሆነ። «እውነታችሁን ነው» አሉ። «ወንዙ አለ። ቅላችሁን ያዙ።» ከዚያ ወንዙን ከመጀመሪያው ጀምረው፣ ስፋቱን፣ ጥልቀቱን፣ የውሃውን ቀለም፣ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩ። ሃያ ሦስት ቅል መሬቱን ሲፍቅ ይሰማኛል። ሰውየው ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቷል። እኔ ጨርቁን በሁለት እጄ ጨብጬ ይዣለሁ፤ ጭላንጭል እንዳይገባ። አላምንበትም ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ በዚያች ሰዓት ጨርቁን ሊገልጥ የመጣ ሰው ቢኖር እነክሰው ነበር።

ተሻገረች። ግመሏን አገኘች። ወደ ቤቷ ገባች።

«ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አሉ ሐቦባ በዚያ በሚያስቅ አማርኛቸው።

የዚያን ቀን ዳቦ ያዥዋ የልጅ ልጃቸው ነበረች። ቁራሹን ለሁለት ስትቆርሰው ሰማሁ። በአንዱ ያያቷን አፍ ጠረገች። ከዚያ ጨርቁን ከእጄ ነጥቃ ወጣች፤ ብርሃኑ ዐይኗን ወግቷት ቆመች፤ ፊቱ ሁሉ አቧራ የሆነው አባቷ ስሟን ሊጠራ አፉን ሲከፍት ሌላውን ቁራሽ አጎረሰችው።

«ብላ አቡይ» አለችው። «ተረቱ አልቋል።»